የነዳጅ ዴፖ በልኬት ሞዴል፦ በላይ ጋይንት ደጋ ላይ የሚታሰብ የባቡር ጣቢያ እንደ ማሳያ

አጽሕሮተ ጽሑፍ

በሞዴል ባቡር ሥራ የነዳጅ ዴፖ እውነተኛ የሚመስለው በዝርዝሩ ብዛት አይደለም፤ ነዳጁ ከፉርጎ ወርዶ ቦቴ ላይ እስኪጫን ድረስ የሚያልፍበት መንገድ በዓይን ሲከተሉት ሳይቋረጥ ሲገኝ ነው። ይህ ጽሑፍ መርሑን የባቡር ሐዲድ ባልተዘረጋበት በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፣ በነፋስ መውጫ አካባቢ በሚታሰብ ጣቢያ ላይ ያብራራል። የሐዲዱን ስፋት፣ የተዳፋቱን አጠቃቀም፣ የታንከሮቹንና የመያዣ ግንቡን ስሌት፣ እንዲሁም የአካባቢውን መልክ በቅደም ተከተል ይመለከታል።

መግቢያ

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና በኩል ወልድያ የሚደርሰው መንገድ የላይ ጋይንትን ደጋ አቋርጦ ያልፋል። ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከዚህ መንገድ በስተደቡብ ይገኛሉ። በእነዚህ ወረዳዎች ጥቅም ላይ የሚውለው ናፍጣና ቤንዚን ከውጭ አገር ተገዝቶ የሚገባና በቦቴ ተጭኖ የሚደርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ የተነደፈው ብሔራዊ የባቡር መረብ ዕቅድ ወረታን ከወልድያ የሚያገናኝ መሥመርም ነበረው፤ መሥመሩ ግን አልተሠራም። ለአካባቢው የሚቀርበው ፕሮጀክት ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ እንዲደርስ የተነደፈው፣ 392 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው መሥመር ነው።

የሞዴል ባቡር ሠሪዎች ሁለት ልማድ አላቸው። አንደኛው በእውን ያለን ጣቢያ እየለኩ መቅዳት ነው። ሁለተኛው ታቅዶ ያልተሠራን መሥመር “ቢሠራ ኖሮ ምን ይመስል ነበር?” ብሎ መገንባት ነው። ሁለተኛው መንገድ ይከብዳል፤ የሚገለበጥ ፎቶግራፍ ስለሌለ እያንዳንዱ ቱቦና እያንዳንዱ ግንብ ለምን እዚያ እንደ ቆመ ሠሪው ራሱ ምክንያት ማቅረብ አለበት። ጥቅሙም ከዚሁ ይመነጫል። ምክንያቱ ሲጎድል ጉድለቱ ገና በጠረጴዛ ላይ ይታያል፤ በመሬት ላይ ቢሆን ኖሮ የሚታየው ከብዙ ወጪ በኋላ ነበር።

የሐዲዱ ስፋትና የሞዴሉ ልኬት

የመጀመሪያው ውሳኔ የሐዲዱ ስፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ መሠራት ጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው ባቡር የሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርና የአዋሽ–ሐራ ገበያ መሥመር ግን የዓለም አቀፉን መደበኛ ስፋት፣ ማለትም 1,435 ሚሊ ሜትርን ይከተላሉ። ወደ ነፋስ መውጫ የሚታሰበው ሐዲድ ከኋለኞቹ ጋር የሚገናኝ በመሆኑ ስፋቱም የእነርሱው ይሆናል። በብዙ አገሮች በተለመደው የ1፡87 ልኬት ይህ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል። በዚሁ ልኬት የቀድሞውን ባቡር ለመሥራት የሚሻ ሰው 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ሐዲድ ይጠቀማል፤ ትክክለኛው ስሌት 11.5 ሚሊ ሜትር ቢሆንም በገበያ የሚገኘው የተጠጋጋው ነው።

ከስፋቱ ምርጫ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። አዲሶቹ መሥመሮች በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ናቸው፤ የአዲስ አበባ–ጅቡቲው መሥመር ከሐዲዱ በላይ 25,000 ቮልት የተሸከመ ሽቦ ተዘርግቶለታል። ሠራተኛ ፉርጎ ላይ ወጥቶ ክዳን በሚከፍትበትና የቤንዚን ተን በሚኖርበት ቦታ እንዲህ ያለ ሽቦ በላይ ማሳለፍ አደጋ ነው። ስለዚህ በሞዴሉ ላይ ሽቦው ከዋናው ሐዲድ ወደ ዴፖው ከሚገነጠለው ቅርንጫፍ መግቢያ ላይ ያበቃል። ፉርጎዎቹን ከዚያ ወደ ውስጥ የሚገፋው አነስተኛ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ነው፤ በእርሱና በነዳጅ ፉርጎዎቹ መካከልም አንድ ባዶ ፉርጎ እንደ ማራራቂያ ይገባል። ሽቦውን እስከ ማራገፊያው ድረስ የዘረጋ ሞዴል የቱንም ያህል ቢያምር ባለሙያን አያሳምንም።

ተዳፋቱ እንደ ፓምፕ

ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ፓምፕ ፈሳሽን ከታች ወደ ላይ ስቦ የሚያወጣው በአየር ግፊት እየተረዳ ስለሆነ የመሳብ ዐቅሙ በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ በቀላሉ የሚተነው ቤንዚን ደግሞ በመሳቢያው ቱቦ ውስጥ ተን ፈጥሮ ፓምፑን ያስታጉለዋል። ለሜዳ አገር የተለመደው አሠራር እዚህ ሲመጣ የሚደክመው በዚህ ምክንያት ነው።

መሬቱ ግን መፍትሔውን ይዞ ይገኛል። የጋይንት ገበሬ ተዳፋቱን በድንጋይ ካብ እየደገፈ እርከን እንደሚሠራ፣ ዴፖውም በሦስት እርከን ሊደለደል ይችላል። ሐዲዱ ከላይ፣ ታንከሮቹ ከመካከል፣ የቦቴ መጫኛው ከታች ይሆናል። ነዳጁ ከፉርጎው ሆድ ሥር ባለው መውጫ ወጥቶ በክብደቱ ወደ ታንከር እንዲወርድ፣ የታንከሩ አናት ከፉርጎው መውጫ ዝቅ ማለት አለበት። 8.7 ሜትር ለሚቆም ታንከር የሁለቱ እርከኖች ልዩነት ቢያንስ 9 ሜትር ያህል ይሆናል፤ በሞዴሉ 10.3 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ቦቴ ከአናቱ ስለሚሞላ የታንከሩ ወለል ከመጫኛው ግቢ 5 ሜትር ገደማ ከፍ ካለ የመጨረሻው ነዳጅ እንኳ ያለ ፓምፕ ይወርዳል፤ ይህም በሞዴሉ 5.7 ሴንቲ ሜትር ነው። በጠቅላላው 16 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መሠረት መብራት ቢጠፋም ሥራው የማይቆም ዴፖን ያሳያል። ፓምፕ ቤቱ ለመጠባበቂያ ሲሠራ ቦታው ከታንከሮቹ ወለል በታች ነው፤ እዚያ ፈሳሹ በራሱ ክብደት ወደ ፓምፑ ይደርሳልና።

ታንከሮቹ

በሕንፃ መሣሪያ መደብር የሚሸጠው 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ማስወገጃ የፕላስቲክ ቱቦ በ1፡87 ልኬት 9.57 ሜትር የጎን ስፋት ያለው ታንከር ይወጣዋል። 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ተቆርጦ ሲቆም 626 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 626,000 ሊትር የሚይዝ ታንከርን ይወክላል። ይህም 45,000 ሊትር ለሚጭኑ 14 ያህል ቦቴዎች የሚበቃ ነው። ለመደበኛው ሐዲድ የሚሠራ የነዳጅ ፉርጎ 60 ሜትር ኩብ ገደማ ይዞ 12 ሜትር ያህል ይረዝማል ብለን ብንነሣ፣ በሞዴሉ 69 ሴንቲ ሜትር የሆነ ማራገፊያ ሐዲድ አምስት ፉርጎዎችን ያቆማል፤ እነርሱም ታንከሩን እስከ ግማሽ ገደማ ይሞላሉ። የሐዲዱ ርዝመትና የታንከሩ መጠን እንዲህ ካልተመዛዘኑ ተመልካቹ አንድ ነገር እንደ ጎደለ ይሰማዋል፤ ምን እንደ ሆነ ግን ላይገልጸው ይችላል።

የናፍጣና የቤንዚን ታንከር አንድ መልክ የላቸውም። ናፍጣ እምብዛም ስለማይተን ታንከሩ ሾጠጥ ያለ ጣራና ወደ ታች የታጠፈ አንድ የአየር ቱቦ ይበቃዋል። ቤንዚን ግን ተኑ እንዳይባክን በውስጥ በፈሳሹ ላይ የሚንሳፈፍ ሁለተኛ ጣራ ይሠራለታል፤ ይህም ከውጭ የሚታወቀው በግድግዳው የላይኛው ጠርዝ ዙሪያ በተደረደሩ መተንፈሻዎች ነው። ሁለቱም የፀሐይን ሙቀት እንዲመልሱ ነጭ ይቀባሉ። ለነጭ ጋዝ የሚሆን አነስተኛ የተጋደመ ታንከር ከ32 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይወጣል።

የመያዣ ግንቡና የጤፍ ሙከራው

በሞዴል ዴፖዎች ላይ በብዛት የሚሳሳተው ክፍል በታንከሮቹ ዙሪያ የሚቆመው መያዣ ግንብ ነው። ብዙዎች እንደ ተራ አጥር ዝቅ አድርገው ታንከሩን አስጠግተው ያቆሙታል። የግንቡ ተግባር ግን አንድ ታንከር ቢፈነዳ ነዳጁን በሙሉ መያዝ ነው፤ በሰፊው የሚሠራበት መመዘኛም ከትልቁ ታንከር ይዘት 110 በመቶውን እንዲይዝ ይጠይቃል። ለ626 ሜትር ኩብ ታንከር ይህ ወደ 689 ሜትር ኩብ ይሆናል። 20 በ20 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 1.2 ሜትር የሆነ ግንብ 480 ሜትር ኩብ ብቻ ስለሚይዝ ነዳጁ ሞልቶ ይፈስሳል። 30 በ25 ሜትር ሲሆን 900 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ሁለተኛው ታንከር የሚወስደው 86 ሜትር ኩብ ቢቀነስ እንኳ የሚተርፈው ይበቃል። በሞዴሉ 34.5 በ28.7 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱም 1.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ስሌቱን ያለ ቀመር ማረጋገጥም ይቻላል። ቱቦው ጣራው ሳይደረግለት ጤፍ ይሞላል። ጤፉ በግንቡ ውስጥ ተገልብጦ በማስመሪያ ይደላደላል። ከጠርዙ በታች ቦታ ከተረፈ ግንቡ ሥራውን ይሠራል፤ ጤፉ ጠርዙን ካለፈ ግንቡ አጥር እንጂ መያዣ አይደለም። ሙከራው ቀለም ከመቀባቱ በፊት መደረግ አለበት።

በዚህ ተዳፋት ላይ ግንቡ የሚጠብቀው ግቢውን ብቻ አይደለም። የታች ጋይንትና የስማዳ ወንዞች ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ የሚወርዱ ናቸው፤ ከላይ ያመለጠ ነዳጅ የሚደርሰው ከብት በሚጠጣበትና ሰው በሚቀዳበት ውሃ ላይ ነው። ስለዚህ የክረምቱን ዝናብ ከግንቡ ውስጥ የሚያወጣው ቧንቧ በዝቅተኛው ማዕዘን ይደረጋል፤ መዝጊያው ከግንቡ ውጭ ሆኖ ዘወትር ተዘግቶ ይኖራል፤ ውሃውም ዘይትን ከውሃ በሚለይ ጉድጓድ በኩል ያልፋል። በሞዴሉ ላይ እነዚህ ሁለት ሚሊ ሜትር የማትሞላ ቀይ መዘውርና አንድ ክዳን ብቻ ናቸው፤ ትርጉማቸው ግን ከመጠናቸው ይበልጣል።

የአካባቢው መልክ

የመሬቱ መሠረት ከኮምፐርሳቶ፣ ከፎምና ከጄሶ ሊሠራ ይችላል። የእርከኑ ካብ ጠቆር ያለ የጥቁር ድንጋይ ቀለም ይይዛል። ከአጥሩ ውጭ የገብስና የድንች ማሳ፣ ባሕር ዛፍና ቆርቆሮ ቤት ይታያል፤ ከአጥሩ ውስጥ ግን ጠጠር ብቻ እንጂ ሣርም ዛፍም አይኖርም፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል በቀላሉ ይቀጣጠላልና። ቆሻሻውም ምክንያት ይፈልጋል። ዝገቱ ከጣራው ጠርዝና ከብየዳው መጋጠሚያ ወደ ታች ይወርዳል። ናፍጣ በማራገፊያው ሥር ያለውን ጠጠር ያጠቁረዋል፤ ቤንዚን ግን ተንኖ ስለሚጠፋ ብዙ ምልክት አይተውም።

የከተማዋ ስም ራሱ አንድ መመሪያ ይሰጣል። ነፋስ በበዛበት ቦታ ሠሪው አንድ የነፋስ አቅጣጫ መርጦ በሁሉም ነገር ላይ መጠበቅ አለበት። አቧራው በአንድ ወገን ይከማቻል፤ ዛፎቹ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ፤ ዴፖውም ተኑ ወደ ሰፈሩ እንዳይነፍስ ነፋሱ ከከተማዋ ወደሚሄድበት ወገን ይቆማል።

በታችኛው ግቢ አንድ ተሳቢ ያለው ቦቴ ለመዞር 13 ሜትር ገደማ ራዲየስ፣ በሞዴሉ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይፈልጋል። በርሜልና ጀሪካን እዚህ ቦታ የላቸውም። የእነርሱ ስፍራ ቦቴው ተጉዞ የሚያራግፍበት፣ የመካነ ኢየሱስ ወይም የወገዳ ማደያ ነው። በርሜሎችን ለጌጥ በዴፖው ውስጥ መደርደር ሁለት የተለያዩ የሥርጭት ደረጃዎችን ማደባለቅ ይሆናል።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረቡት ውሳኔዎች ሁሉ ከአንድ ጥያቄ የሚነሡ ናቸው፦ ነዳጁ ከዚህ ወዴት ይሄዳል? ቢያመልጥስ የት ይቆማል? ቦታ ሲጠብ የፉርጎዎቹንና የታንከሮቹን ቁጥር መቀነስ ይቻላል፤ የሐዲዱ ርዝመት ከታንከሩ፣ ታንከሩ ከግንቡ፣ እርከኑ ከእርከኑ ጋር ያለው ምጣኔ ግን መጠበቅ አለበት። እንዲህ የተሠራ ሞዴል የመሐንዲስን ጥናት አይተካም። ይሁን እንጂ ለጂኦግራፊ፣ ለከተማ ፕላንና ለምሕንድስና ተማሪዎች ዕቅድን በጠረጴዛ ላይ የሚፈትኑበት ርካሽ መሣሪያ ይሆናል፤ ከዴፖው በታች የሚኖረው ሕዝብም ስለ ወንዙ ሊያነሣ የሚገባው ጥያቄ ግንባታ ከመጀመሩ በፊት በግልጽ እንዲታይ ያደርጋል።