ማጣሪያው ሲደፈን

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለዓመታት የቆየ የውኃ ክርክር ያለባቸው ሲሆኑ፣ ክርክሩም በሚቆፈረው ጉድጓድና ወደ ወንዝ በሚለቀቀው የፋብሪካ ፍሳሽ ዙሪያ ሲሽከረከር ኖሯል። አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ሆነ ስለ ኢንዱስትሪ ብክለት የወጣው ደንብ ቁጥር 159/2001 ፍሳሽን አጣርቶ የመልቀቅ ግዴታን ቢደነግጉም፣ ማጣሪያ መትከል አንድ ነገር፣ የተተከለውን ዓመት ከዓመት ማሠራት ሌላ ነገር መሆኑ እምብዛም አይነሳም፤ በሜምብሬን ለሚያጣራ ተቋም ሁለተኛውን የሚያከብደው መደፈን ነው።

ሜምብሬን እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ስስ ማጣሪያ ሲሆን፣ አልትራፊልትሬሽን በሚባለው ዓይነት የቀዳዳው ስፋት የማይክሮን መቶኛ ገደማ ነው፤ ጨው የሚለየው ሪቨርስ ኦስሞሲስ ከዚህም የጠበበ ነው፤ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ፍሳሹን መልሶ ለመጠቀም የመረጠው ይህንኑ ነው። ውኃው በግፊት ሲያልፍ የአፈር ብናኝ፣ ባክቴሪያና የቀለም ቅሪት ከሜምብሬኑ ፊት እንደ ጠላ አተላ ይዘቅጣሉ፤ ግፊቱ ይጨምራል፣ በኬሚካል ማጠብ ይደጋገማል፣ ሜምብሬኑም ያለ ዕድሜው ያረጃል።

ከእነዚህ ብናኞች አብዛኞቹ ኔጋቲቭ ሙል (ቻርጅ) ስላላቸው በኤሌክትሪክ መስክ ከሜምብሬኑ ማራቅ ይቻላል፤ ይህ ጉዞ ኤሌክትሮፎረሲስ ይባላል። የሞስኮው ፈርዲናንድ ሮይስ የሸክላ አፈር ቅንጣቶች በኤሌክትሪክ እንደሚንቀሳቀሱ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ አሳይቷል፤ አልትራፊልትሬሽን የሚለውን ስያሜ ያወጣው ጀርመናዊው ሃይንሪኽ ቤክሆልድ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ማጣሪያንና ኤሌክትሪክን አጣመረ፤ በ1977 ደግሞ ሄንሪ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ብናኙ ወደ ኋላ የሚሸሽበት ፍጥነት ውኃው ወደ ፊት ከሚገፋው ጋር የሚስተካከልበትን የመስክ መጠን መረመሩ።

የኃይል ፍጆታው ሒሳብ ግን ሁሉንም ውኃ በእኩል አያይም። በሰዓት በካሬ ሜትር 50 ሊትር ለሚያሳልፍ ማጣሪያ በሴንቲሜትር 7 ቮልት ገደማ ይበቃል ቢባል፣ መስኩን የሚፈጥሩት ኤሌክትሮዶችም በ1 ሴንቲሜትር ቢራራቁ፣ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ በሴንቲሜትር 100 ማይክሮሲመንስ የሆነ ውኃ በሜትር ኩብ 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሲፈጅ፣ 5,000 የሚደርስ ጨዋማ የማቅለሚያ ፍሳሽ ግን 50 ያህል ይፈጃል። መስኩን በየጊዜው እያበሩ ማጥፋት ወጪውን ይቀንሳል፤ ልዩነቱን ግን አያስቀረውም። ስለዚህ ዘዴው በቡራዩ በኩል ለገፈርሳ ዓይነቱ፣ ዝናብ ለሚሞላውና ጨው ላነሰው የግድብ ውኃ ሲቀርብ፣ እጅግ ለሚያስፈልገው ለጨርቃ ጨርቅ ፍሳሽ ይርቃል።

የመብራት መቆራረጥም አለ፤ መስኩ ሲጠፋና ማጣሪያው በጄኔሬተር ሲቀጥል አተላው ወዲያው መደርደር ይጀምራል፤ ስለዚህ ጄኔሬተሩ መስኩንም ጭምር እንዲሸከም ከመጀመሪያው ታስቦ መገዛት ይኖርበታል።