ጠባብ ራም፣ ትልቅ ፕሮግራም

ራስበሪ ፓይ መዳፍ ላይ የምታርፍ ኮምፒውተር ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ ስትቀርብ ራሟ 256 ሜጋባይት ብቻ ነበር፤ ዛሬ 8 እና 16 ጊጋባይት የያዙ ሞዴሎች አሏት። ነገር ግን እቃው ከውጭ የሚገባ ነው፣ ራሙ በጨመረ ቁጥርም ዋጋው ይንራል። ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ፣ አየር ጤና ወይም አለም ባንክ ተቀምጦ በራሱ ገንዘብ ኤሌክትሮኒክስ የሚሞክር ተማሪ ትልቋን ቢመኝም የሚችለው ትንሿን ነው። ትንሿ ደግሞ ለብዙ ሥራ ትበቃለች። የምታስቸግረው ሶፍትዌርን ከምንጭ ኮዱ ኮምፓይል ላድርግ ሲባል ነው።

የምስል መለያውን ኦፕን ሲቪን የመሰለ ትልቅ ፕሮግራም ግንባታው ተጀምሮ ለሰዓታት በደህና ይሄድና ድንገት «ኪልድ» የሚል ቃል ጥሎ ይቆማል። ብዙ ጀማሪ ኮዱ የተበላሸ ይመስለውና እንደገና አውርዶ ከዜሮ ይጀምራል። ኮዱ ግን ምንም አልሆነም። የሊኑክስ ከርነል ራም ሲያልቅበት ማሽኑ በሙሉ እንዳይደርቅ ከሚሠሩት ፕሮግራሞች አንዱን፣ አብዛኛውን ጊዜም ብዙ ራም የያዘውን፣ መርጦ ይገድላል። ይህ ክፍሉ ኦኦኤም ኪለር ይባላል። በዚያ ሰዓት ብዙ ራም የያዘው ኮምፓይለሩ ስለሆነ የሚገደለው እሱ ነው። ማስረጃው በከርነሉ መዝገብ ላይ ይቀመጣል፤ «ዲሜሴጅ» የሚባለው ትእዛዝ ገዳዩንም ሟቹንም ያሳያል።

ራሙን የሚጨርሰው ምንድን ነው? መልሱ ቀላል ሒሳብ ነው። ዜሮ 2 ደብሊው የምትባለው ሞዴል አራት ኮር እና 512 ሜጋባይት ራም አላት። ከኢንተርኔት የሚቀዳ መመሪያ ሁሉ ማለት ይቻላል «በኮሮቹ ልክ ሥራ አስጀምር» ይላል፤ ሜክ ለሚባለው መሣሪያ ሰረዝ ጄ አራት ብሎ ማዘዝ ማለት ነው። ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 128 ሜጋባይት ይደርሰዋል፤ ከዚያም ላይ ስርዓተ ክወናው የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ቴምፕሌት የበዛበት አንድ የሲ ፕላስ ፕላስ ፋይል ግን ለብቻው ብዙ መቶ ሜጋባይት ሊፈልግ ይችላል። ጠባብ ማጀት ውስጥ አራት ወጥ ሠሪ ቢገባ ወጡ አይፈጥንም፣ እርስ በርስ መጋፋት ብቻ ነው። ኒንጃ የሚባለው መሣሪያማ ይብሳል፤ ካልከለከሉት በራሱ ከኮሮቹ ቁጥር በላይ ሥራ ያስጀምራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ነፃ ነው፤ የሥራውን ቁጥር ወደ ሁለት፣ ካልሆነም ወደ አንድ ማውረድ። ግንባታው ከተገደለም በኋላ «ክሊን» ብሎ ሁሉን ማጥፋት አያስፈልግም። ሜክ ያለቁትን ፋይሎች አይነካም፣ ካቆመበት ይቀጥላል። እኔ የምመርጠው ዘዴ በአራት ጀምሮ ሲወድቅ ያንን ከባድ ፋይል ብቻ በአንድ ማሳለፍ ነው። ይህም ሆኖ መጨረሻ ላይ፣ ቁርጥራጮቹ በሚያያዙበት የሊንክ ሰዓት፣ ራሙ እንደገና ሊያልቅ ይችላል። ያኔ ለስህተት ፍለጋ የሚጨመረውን የዲበግ መረጃ ማስቀረት ብዙ ቦታ ያስለቅቃል። ዴስክቶፑን ዘግቶ ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ብቻ መሥራትም እንዲሁ።

ሁለተኛው መንገድ ስዋፕ ነው፤ ከራም የተረፈውን ወደ ዲስክ መግፋት። አንድ ወይም ሁለት ጊጋባይት ስዋፕ ብዙ ግንባታ ያድናል፣ ግን ኤስዲ ካርድ ዘገምተኛ ነው፣ ደጋግሞ ሲጻፍበትም ያረጃል። በዩኤስቢ የሚሰካ ኤስኤስዲ ይሻላል። ዚራም ደግሞ ዲስክ ሳይነካ እዚያው ራም ውስጥ መረጃውን አጭቆ ያስቀምጣል፤ ለትንሽ ቦርድ ከሁሉም በፊት መሞከር ያለበት እሱ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ የመብራት ነገር ይመጣል። ስዋፕ ያዘገየው ግንባታ ሌሊቱን ሙሉ ሊቆይ ይችላል፤ መሐል ላይ መብራት ከጠፋ በዚያች ቅጽበት ሲጻፍ የነበረው ፋይል ባዶ ወይም ጎዶሎ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ሜክ ያለቀ መስሎት ያልፈዋል፣ ሊንከሩ ግን ፋይሉ ተቆርጧል ብሎ ያማርራል። ያንን አንድ ፋይል ሰርዞ መቀጠል ይበቃል። ቦርዷ የምትሠራው በአምስት ቮልት ስለሆነ፣ መብራት ሲጠፋም ሳይቋረጥ ኃይል የሚሰጥ ፓወር ባንክ ያግዛል።

ከሁሉ በፊት ግን መጠየቅ ያለበት «ኮምፓይል ማድረግ ያስፈልገኛል ወይ?» የሚለው ነው። የአማርኛ ጽሑፍን ከፎቶ የሚያነበውን ቴሰራክትን እንውሰድ። ደቢያን የሚባለው የሊኑክስ ስርጭት ተዘጋጅቶ ያለቀ ፓኬጅ አለው፣ የአማርኛው ፋይልም ለብቻው ተቀምጧል፤ «አፕት» በሚባለው ትእዛዝ ማውረድ ብቻ ነው። ኦፕን ሲቪም እንዲሁ ይገኛል። ለፓይተን ደግሞ ፓይዊልስ የሚባለው ማከማቻ ለራስበሪ ፓይ ተገንብተው ያለቁ ጥቅሎችን ያቀርባል።

ተዘጋጅቶ የማይገኝ ወይም ለየት ያለ ቅንብር የሚፈልግ ፕሮግራም ሲሆን ብቻ ወደ ግንባታ ይገባል። ያኔም ቤት ውስጥ 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ካለ ለቦርዷ የአርም ፕሮሰሰር የሚገነባ ኮምፓይለር እሱ ላይ ጭኖ የተጠናቀቀውን ወደ ቦርዷ መቅዳት ይቻላል። ክሮስ ኮምፓይል የሚሉት ይህን ነው፤ ማሰናዳቱ አንድ ቀን ቢያደክምም በ512 ሜጋባይት ላይ ትልቅ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራም ከመገንባት ይሻላል።