ደባርቅ ላይ መኪና ሲያድር

በኅዳርና በታኅሣሥ ደባርቅ ላይ ገና ሳይነጋ የሚሰማ ድምፅ አለ። ሹፌር ቁልፍ ያዞራል፤ ሞተሩ እያቃሰተ ሁለት ሦስት ጊዜ ይዞርና ዝም ይላል። ጎንደር ለመድረስ የቸኮለ ተሳፋሪ ጋቢውን ተከናንቦ ቆሟል፤ ረዳቱ የሚገፋ ሰው ይለምናል። «ውርጩ ነው» ይላል ሁሉም። እውነት አላቸው፤ ግን ግማሹን ብቻ። ውርጭ የደከመን ባትሪ ያጋልጣል እንጂ ደኅናውን በአንድ ሌሊት አይገድልም። ይህን ያልለየ ሰው አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ ብዙም ሳይቆይ ያው ጣጣ ይመለስበታል።

ደጋው የመኪናን ሥራ እንደሚያከብድ ግን አያጠያይቅም። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው 30 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በእሳት ብልጭታ ሳይሆን አየሩን ጨምቆ በሚፈጥረው ሙቀት ነው። አየሩ ሲሳሳና ሲቀዘቅዝ ሙቀቱ ያንሳል፤ ሞተሩም እስኪነሳ ብዙ መዞር አለበት። ዘይቱ ሌሊቱን ወፍሮ ስለሚያድር ማዞሩ ራሱ ይከብዳል። በዚህ ሁሉ ላይ ባትሪው ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ መስጠት የሚችለው ከአቅሙ ሁለት ሦስተኛውን ገደማ ነው። ጎንደር ላይ በአንድ ቁልፍ የሚያስነሳ የደከመ ባትሪ ደባርቅ ሲያድር የሚለግመው፣ ከዚያም በላይ የሰሜን ተራሮች ላይ ሳንቃበርና ጨነቅ ካደረ ጨርሶ የሚከዳው ለዚህ ነው።

ባትሪው የቆየ ብልሃት ነው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የሠራው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ዛሬም በመኪናችን ኮፈን ሥር አለ፦ ስድስት ክፍሎች፣ እያንዳንዳቸው ከ2 ቮልት ጥቂት የሚበልጡ። በአፄ ምኒልክ ዘመን አገራችን የገቡት የመጀመሪያዎቹ መኪኖች የሚነሱት ግን በእጅ እየተዞሩ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ሞተሪኖ በካዲላክ መኪና ላይ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። ያን የክንድ ጉልበት ዛሬ የሚከፍለው ባትሪው ነው። የናፍጣ መኪና ሞተሪኖ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይስባል።

ምርመራው የሚጀምረው ከጆሮ ነው። ቁልፍ ሲዞር «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ካለና የዳሽቦርዱ መብራት ከፈዘዘ፣ ባትሪው ወርዷል ወይም ገመዱ ጫፉ ላይ አልጠበቀም። መብራቱ ደምቆ እያለ አንዴ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ ሞተሪኖው ይጠርጠር። ሞተሩ በኃይል እየዞረ አልነሳ ካለ ግን ባትሪውን ተዉት፤ ችግሩ ነዳጁ ወይም የሞተሩ ማሞቂያ ላይ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት እዚያው ደባርቅ ነው። መኪናዬን ከተማው ውስጥ አቁሜ ሦስት ቀን ተራራ ወጥቼ ስመለስ «ጠቅ ጠቅ» ብቻ አለችኝ። አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠርተው መጡ።

«ጋሼ፣ ባትሪ የት ነው የሚሸጠው?» አልኳቸው።

«ቆይ ልጄ፤ መጀመሪያ የሚበላውን እንየው» አሉኝ።

ይዘው የመጡትን ሙሉ ባትሪ አሰሩ። ከዚያ የኔጌቲቩን ገመድ ፈትተው መለኪያቸውን 10 አምፔር ላይ አድርገው በገመዱና በባትሪው ጫፍ መካከል አስገቡ። በሮቹን ዘጉ፣ ቆለፉ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። የመኪናው ኤሌክትሮኒክስ እስኪተኛ ካልተጠበቀ ቁጥሩ ያሳስታል፤ መለኪያው እንደተሰካ ሞተር ለማስነሳት መሞከር ደግሞ መለኪያውን ያቃጥለዋል። ቁጥሩ 0.46 ላይ ቆመ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ይነቅሉ ጀመር። አንዱን ሲነቅሉ 0.04 ሆነ። የውስጥ መብራት ፊውዝ ነበር። ኋላ ሄደው ዕቃዬን አነሱና ከሥሩ አንዲት ባለ 5 ዋት አምፑል አወጡ፤ የበሩ ማብሪያ ተጣብቆ በሩ ሲዘጋም አትጠፋም ነበር። መዳፌ ላይ አስቀመጧት። በዚያ ብርድ ገና ትሞቅ ነበር።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 5 ዋት በ12 ቮልት ሲካፈል 0.42 አምፔር ይሆናል። በሦስት ቀን፣ ማለትም በ72 ሰዓት፣ 30 አምፔር ሰዓት፤ ባለ 60 ባትሪ ግማሹ አለቀ ማለት ነው። ጤነኛ መኪና ቆሞ ሳለ ከ0.05 አምፔር በላይ መሳብ የለበትም። ከመብራት ሌላ፣ በቀጥታ ከባትሪው የተቀጠለ አላርም፣ የጂፒኤስ መከታተያና የሙዚቃ ማጉያም ይበላሉ። ፊውዝ ሁሉ ተነቅሎ ቁጥሩ ካልወረደ ዲናሞው ውስጥ የተበላሸ ዳዮድ ሊኖር ይችላል፤ ይህኛው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው።

ሌሎቹ ቁጥሮች ጥቂት ናቸው። መኪናው ሰዓታት ቆሞ 12.6 ቮልት ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች የሚወርድ ሙሉ ባትሪ ደክሟል፤ ያኔ አዲስ መግዛት ተገቢ ነው። ሞተሩ ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.4 ካላሳየ ዲናሞውን ወይም ቺንጋውን እዩ። በባትሪው ጫፍ ላይ የሚጋግረው ነጭና አረንጓዴ ዱቄትም ኃይል ይከለክላል፤ በለብታ ውኃና በቤኪንግ ሶዳ ይጸዳል። ውኃው የጎደለ ባትሪ የተጣራ የባትሪ ውኃ ይጨመርለት እንጂ አሲድ አይጨመር።

ሁለት ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። ደባርቅ ላይ የመኪናን አፍንጫ ወደ ቁልቁለት አዙሮ ማሳደር የተለመደ ነው፤ ለማኑዋል ማርሽ ቀለል ባለ ቁልቁለት ጥቂት መንከባለል ይሠራል። ጣሊያን በወረራው ዘመን በጠረገው የሊማሊሞ ጥምዝምዝ መንገድ ላይ ግን ፈጽሞ አይሞከር፤ ሞተሩ ካልተነሳ መሪው ይጠጥራል፣ የፍሬኑም አጋዥ ኃይል ያልቃል። ሁለተኛው፦ ማለዳ ለእርዳታ ቅርብ የሚሆነው ብዙ ጊዜ የጭነት መኪና ነው። ከባዶቹ ሁለት ባትሪ አያይዘው በ24 ቮልት የሚሠሩ ስለሆኑ፣ ከእነሱ ወደ ባለ 12 ቮልት መኪና ገመድ መዘርጋት ኤሌክትሮኒክሱን ያቃጥላል። ከመቀጠላችሁ በፊት ጠይቁ።

መኪናችሁን አቁማችሁ ሦስት አራት ቀን ተራራ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈትታችሁ ሂዱ። በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች ላይ በ10 ቁጥር ቁልፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።