ወደ ጀርመን ለትምህርት የሚሄዱ ልጆችና የቋንቋው ግዴታ

ልጁን ወደ ጀርመን ዩኒቨርሲቲ ለመላክ ያሰበ ነጋዴም ሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት የቋንቋውን ግዴታ ይመርምር። የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመዘኛ የቋንቋን ዕውቀት ከኤ1 እስከ ሲ2 በ6 ደረጃ ይከፍለዋል። በጀርመንኛ ለመማር የሚፈልግ ተማሪ ቴስትዳፍ በተባለው ፈተና በንባብ፥ በማዳመጥ፥ በጽሕፈትና በንግግር በእያንዳንዱ 4ኛውን ደረጃ ካገኘ ለአብዛኛው ትምህርት ይበቃዋል። በእንግሊዝኛ የሚሰጠውን ትምህርት የመረጠ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነጻ ነው፤ ቤት ሲከራይና ዳቦ ሲገዛ ግን ጀርመንኛው አይቀርለትም።

ይልቁንም የሚያሳስበው የምደባው ፈተና ነው። የቋንቋ ትምህርት ቤት ይህን ፈተና የሚሰጠው ተማሪው ከየትኛው ክፍል እንደሚጀምር ለማወቅ ስለ ሆነ፥ ወድቆ የሚባረር የለም። ሆኖም አንዳንድ ወላጅ የጥቂት ወራት ክፍያ ለማትረፍ ሲል፥ ልጁ መልሱን በቃሉ አጥንቶ ከፍ ወዳለው ክፍል እንዲገባ ይገፋፋዋል። ይህ በተዛባ ሚዛን እህል እንደ መግዛት ነው። ልጁ የመምህሩን ቃል ሳይሰማ ወራቱ ያልፉና ያው ክፍያ ዳግመኛ ይጠየቃል። ስለዚህ እንደ ዕውቀቱ ይፈተን፤ የተመደበበት ክፍል ቢከብደው ወይም ቢቀለው በመጀመሪያው ሳምንት ለመምህሩ ያስታውቅ፥ ክፍል መለወጥ የሚቀለው ያን ጊዜ ነውና።