ግቤ ሦስት እና የኦሞ ጎርፍ

አርባ ምንጭን የሚያቋርጠው ኩልፎ ነው፤ የሚያከራክረው ግን ኦሞ ነው። ኦሞ ለጋሞ ሰው ሩቅ አይደለም። ማዜ ወንዝ ከጋሞ በኩል ወርዶ ኦሞ ይገባል። በቀድሞው አስተዳደር ደግሞ የዳሰነችና የሐመር አገር በጋሞ ጎፋ ሥር ስለነበር የታችኛው ኦሞ ነዋሪ አቤቱታ መጨረሻው አርባ ምንጭ ነበር።

በኦሞ ተፋሰስ ትልቅ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ጊልገል ግቤ፣ 184 ሜጋ ዋት። ግቤ ሁለት የዚያኑ ውኃ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወስዶ ያመነጫል። ጥር 2002 በተመረቀ በቀናት ውስጥ ዋሻው በከፊል መደርመሱ ይታወሳል። ይሁንና ሁለቱም እንደ ግቤ ሦስት አላነጋገሩም። በወላይታና በዳውሮ መካከል የቆመው ይህ ግድብ 243 ሜትር ከፍታ አለው፤ 1,870 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ሥራው በ1998 ተጀምሮ ታኅሣሥ 2009 ተመረቀ። ውሉ ያለ ጨረታ ለጣሊያኑ ሳሊኒ መሰጠቱ ገና ከጅምሩ ወቀሳ አስከትሏል።

የክርክሩ እምብርት ግን ጎርፉ ነው። በነሐሴ 1998 ኦሞ ሞልቶ በዳሰነች ብዙ መቶ ሰው ፈጅቷል። መንግሥት ግድቡ እንዲህ ያለውን አደጋ ይገታል ሲል ተከራከረ፤ እውነትም አለው። ነገር ግን ዳሰነች፣ ካራና ሙርሲ ማሽላ የሚዘሩት ያው ጎርፍ ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ነው። በግድቡ ጥናት በየዓመቱ ታስቦበት ጎርፍ እንደሚለቀቅ ተጽፎ ነበር። ግድቡ ውኃ መያዝ ከጀመረበት ከ2007 ወዲህ ግን የለመዱት ጎርፍ እንደቀረባቸው ነዋሪዎች ተናግረዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አብሮ ይወቀጣል። ተርባይን ያዞረ ውኃ ተመልሶ ወንዙ ውስጥ ይገባል፤ የሚጠፋው ጊዜው ነው። ውኃውን ራሱን የሚወስደው መስኖ ነው፤ ማለትም ከግድቡ በታች የተስፋፋው የኩራዝ ሸንኮራ እርሻ። በእኔ ግምት ወቀሳው ሁሉ ግድቡ ላይ መከመሩ እርሻውን ከጥያቄ አድኖታል።

ዩኔስኮ በ2010 የቱርካና ሐይቅ ፓርኮችን አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ አስገባ፤ ሐይቁ አብዛኛውን ውኃ የሚያገኘው ከኦሞ ነውና ይጎድላል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ በጣለው ከባድ ዝናብ ሐይቁ ሞላ፤ በቅርብ ዓመታትም ዳሰነቾች ጎርፍ ቀረብን ባሉበት አገር ከነከብቶቻቸው በውኃ ሙላት ተፈናቅለዋል።