ብርሃን በብርሃን ላይ ሲጠፋ

ክረምት ሲገባ የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤት ይዞ መመለስ ፈተና ነው። ከመኪና የተንጠባጠበ ዘይት እርጥብ አስፋልት ላይ ተዘርግቶ ወይንጠጅ፣ አረንጓዴና ወርቃማ ሆኖ ካየች አትነቃነቅም። «አባባ፣ ዘይቱ ጥቁር አልነበር? ማን ቀባው?» ትለኛለች። ዕድሜውን ፊዚክስ ሲያስተምር ለኖረ ሰው «ዝም ብለሽ ሂጂ» ማለት ነውር ነው፤ ደግሞም ዛሬ ዝም በል የተባለ ልጅ ነገ መጠየቁን ይተዋል።

ማንም አልቀባውም። ዘይቱ ውሃው ላይ እጅግ ስስ ሆኖ ይንሳፈፋል። ከሚያርፍበት ብርሃን ከፊሉ ከዘይቱ የላይኛው ገጽ፣ ከፊሉ ከታችኛው ነጥሮ ይመለሳል። ብርሃን እንደ ውሃ ሞገድ ከፍና ዝቅ እያለ ስለሚጓዝ ሁለቱ ሲገናኙ ከፍታ ከከፍታ ከገጠመ ያ ቀለም ይደምቃል፤ ከፍታ ከዝቅታ ከገጠመ ይጠፋፋሉ። የትኛው ቀለም እንደሚደምቅ በዋናነት የሚወስነው የዘይቱ ውፍረት ነው።

ቤት ውስጥ መሞከር ለምትፈልጉ ሳሙና ይበቃል። የሽቦ ቀለበት ፈሳሽ ሳሙና በተቀላቀለበት ውሃ ነክራችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። ውሃው ወደ ታች ሲወርድ ከላይ ያለው እየሳሳ ይሄዳል፤ ቀለማቱ በየተራ ይወርዳሉ፤ ሊፈነዳ ሲል አናቱ ይጠቁራል። ብርሃን ከብርሃን ተደምሮ ጨለማ ሲሆን በዓይን ማየት ይኼ ነው።

ነገሩን ካስረዱት ቀደምት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ያንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1803 በትንሽ ቀዳዳ የገባን የፀሐይ ጨረር በቀጭን የወረቀት ቁራጭ ለሁለት ከፍሎ በጥላው ውስጥ ደማቅና ጨለማ መስመሮችን አሳየ። አንዱን ወገን ሲጋርደው መስመሮቹ ጠፉ።

በ1905 ደግሞ አንስታይን ብርሃን የሚመጣው በተነጣጠሉ የኃይል ቅንጣቶች ነው አለ፤ ዛሬ ፎቶን እንላቸዋለን። ይህን ስነግራት ልጅቷ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ታዲያ አንዷ ብቻዋን ብትመጣ ከማን ጋር ትገጥማለች?»

ሊቃውንቱም የጠየቁት ይህንኑ ነው። በ1909 እንግሊዛዊው ጄፍሪ ቴይለር ከአንድ ማይል በላይ ርቆ የሚነድ ሻማ ያህል በደከመ ብርሃን የመርፌን ጥላ ለሦስት ወር ገደማ ፎቶ አነሳ። መስመሮቹ ከበረታ ብርሃን ጊዜ አልደበዘዙም። በዘመናችን ፎቶኖች አንድ በአንድ ሲላኩ እያንዳንዷ አንዲት ነጥብ ብቻ ትተዋለች፤ ነጥቦቹ ሲጠራቀሙ ግን መስመሮቹ ይወጣሉ። በየትኛው ቀዳዳ እንዳለፈች የሚለይ መሣሪያ ከተገጠመ መስመሮቹ የሉም። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የፊዚክስ ሰዎች አሁንም ይከራከራሉ። ለልጅቷም ይህንኑ ነገርኳት፤ ደስ አላት።

አንድ ነገር ግን አደራ። በየመንገዱ የሚሸጠውን የሌዘር መብራት ለልጅ አትስጡ። ጨረሩ በቀጥታም ሆነ ከመስታወት ነጥሮ ዓይን ውስጥ ቢገባ ሬቲናን ሊያቃጥል ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ስለማያም ልጁ ላይናገር ይችላል። የእኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ለልጅቷ የሳሙናውን ሳህን ሰጥቻታለሁ።