ዘውድና ራስ ገዝነት፦ የኤርትራ ፌዴሬሽን የሉዓላዊነት ጥያቄ



ሉዓላዊነት በመማሪያ መጻሕፍት የማይከፋፈል የበላይ ሥልጣን ተብሎ ይተረጐማል። በተግባር ግን መንግሥታት ሉዓላዊነታቸውን እንደያዙ ከሥልጣናቸው ከፊሉን ለአንድ ግዛት ለመተው የተስማሙባቸው ጊዜያት ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ባለ ስምምነት ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ሁለቱ ወገኖች በትርጓሜ ሲለያዩ ማን ይዳኛል የሚለው ነው። ዛሬ ይህን የምመረምረው ከ1945 እስከ 1955 ዓ.ም. በቆየው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፌዴሬሽን ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 390፣ ኤርትራ በኢትዮጵያ ዘውድ ሉዓላዊነት ሥር ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተሳሰረች ራስ ገዝ አካል እንድትሆን ተደነገገ። ድንጋጌው ሁለት ዓይነት አንባቢ ነበረው። ለአዲስ አበባ ራስ ገዝነቱ ከዘውዱ የተገኘ ችሮታ ነበር፤ በአስመራ ለነበሩ የራስ ገዝነት ተሟጋቾች ግን ከዓለም አቀፍ ውሳኔ የመነጨ፣ ዘውዱም ሊነካው የማይችል መብት ነበር።

መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ፣ የውጭ ንግድና ወደቦች ለፌዴራሉ መንግሥት ተሰጡ፤ የቀረው ለኤርትራ። ነገር ግን ከኢትዮጵያ መንግሥት የተለየ የፌዴራል መንግሥት አልተቋቋመም፤ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ራሱ ፌዴራል መንግሥት ሆነ። ጉምሩክን እንመልከት። መነሻቸው ወይም መድረሻቸው ኤርትራ ከሆኑ ዕቃዎች የሚገኘው ቀረጥ ለኤርትራ እንዲሰጥ ውሳኔው ያዛል። በምጽዋና በአሰብ ቀረጡን የሚሰበስበው፣ ድርሻውንም የሚያሰላው ግን የፌዴራሉ ወገን ነበር። ባለጉዳዩም ሒሳብ ያዡም አንድ ሆነ ማለት ነው። ርዕሱ ደረቅ ነው ትሉ ይሆናል፤ ለእኔ ግን ሉዓላዊነት ከሰንደቅ ዓላማ ይልቅ በቀረጥ መዝገብ ላይ ጐልቶ ይታየኛል።

ከሁለቱም ወገን እኩል አባላት ያሉት ፌዴራል ምክር ቤት ነበር፤ ሥልጣኑ ግን ምክር ከመስጠት አላለፈም። ለማነጻጸር ያህል፣ የመንግሥታት ማኅበር በ1913 ዓ.ም. የስዊድንኛ ተናጋሪዎቹን የኦላንድ ደሴቶች ሉዓላዊነት ለፊንላንድ አጽንቷል። በዚያም እኩል ውክልና ያለው የጋራ አካል አለ። ቁም ነገሩ ግን የደሴቶቹን የራስ ገዝነት ሕግ የፊንላንድ ፓርላማ ያለ ደሴቶቹ ምክር ቤት ፈቃድ ሊለውጠው አለመቻሉ ነው።

የኤርትራ ዋና አስተዳዳሪ ተድላ ባይሩ በ1947 ዓ.ም. ሥልጣን ለቀቁ። የተተኳቸው አስፍሃ ወልደሚካኤል በዚያው ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ ምክትል እንደራሴም ነበሩ፤ ተቆጣጣሪውና ተቆጣጣሪ የሚደረግበት በአንድ ሰው ተገናኙ። በታኅሣሥ 1951 የኤርትራ ሰንደቅ ዓላማ ቀረ፤ በ1952 «የኤርትራ መንግሥት» የነበረው «የኤርትራ አስተዳደር» ተባለ። ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈረሰ።

የፈረሰው በራሱ በኤርትራ ምክር ቤት ፈቃድ ነው የሚሉ አሉ። በዚያ ዕለት በአግባቡ ድምፅ መሰጠቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ተሰጥቷል ብንል እንኳ ጥያቄው አይዘጋም ባይ ነኝ። የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽነር ኤድዋርዶ አንዜ ማቲየንሶ በመጨረሻ ሪፖርታቸው የፌዴራሉን ድንጋጌ ለማሻሻል ወይም ለመተርጐም ሥልጣን ያለው ጠቅላላ ጉባኤው ብቻ መሆኑን አመልክተው ነበር። ጉባኤው ጉዳዩን አላነሣውም። በነሐሴ 1953 የተጀመረው የትጥቅ ትግልም ያን ጊዜ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።